አፉን የዘጋ ብረት

ሰኞ ዕለት የልጄን የጀማልን ሸሚዝ ላጥብ ሳፋው ውስጥ ስነክረው አንድ ሽታ ወጣ። የላብ ሽታ አይደለም፤ የልጄን ላብ አውቀዋለሁ። የተቃጠለ ቀለም፣ የከረመ ግሪስ፣ ከሁለቱ ሥር ደግሞ የተቆረጠ ብረት ነው። ብረት ሲቆረጥ ደም ደም ይላል፤ ያላጠበው ሰው አያውቀውም። እኔ ይህን ሽታ ገና ሙሽራ ሳለሁ ከአባቱ ከሰይድ ልብስ ላይ ለማስለቀቅ ስታገል ኖሬያለሁ፤ ሳሙናው ያልቅ ነበር እንጂ ሽታው አያልቅም። እጄን ውኃው ውስጥ እንደከተትሁ ፈዝዤ ቀረሁ። ጎረቤቴ አልማዝ በአጥሩ ላይ አየችኝና «ሀዋ፣ ምነው? እጅሽን ልትዘፈዝፊው ነው እንዴ?» አለችኝ። አልማዝ እንዲህ ናት፤ መጀመሪያ ትቀልዳለች፣ ኋላ ትጠይቃለች። «ጀማል ብረት ሥራ ገብቷል መሰለኝ» አልኋት። «አሁን ነው የሰማሽ? የኔውስ አብሮት አይደለም? ቁጭ ብለው ግድግዳ ከሚያዩ ይሻላል፣ ተይ» ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

ለሷ ይሻላል። እኔ ግን ሸሚዙን ደግሜ ደጋግሜ አሸሁት። ጀማል ከሳዑዲ ተጠርዞ ከመጣ ወዲህ ሥራ አልነበረውም። ጅዳ ላይ ሰማይ የሚነካ ሕንፃ ጫፍ ቆሞ ፌሮ ሲያስር የኖረ እጅ፣ አገሩ ሲገባ የሚይዘው አጣ። እሱ ይልክ በነበረው ነው ይህችን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ቆርቆሮ ያለበስኋት፤ አሁን እሱ ራሱ ከቆርቆሮዋ ሥር ጋደም ብሎ ጣሪያ ያያል። እንዲህ እንዳለ ከኮምቦልቻ የመጣ ነጋዴ በወግዲ መውጫ ግቢ ተከራየና «ያለ ብረት ሁሉ ይምጣ» አለ። በቅርቡ ያለፈብን ነገር ደግሞ በየጋራው የተቃጠለ መኪና፣ የተቀደደ ላሜራ፣ ስሙን የማላውቀው ብረት ጥሎብን ሄዷል። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ እኔ አልጽፍም። እኔ የማውቀው፣ እነሱ የጣሉትን የሚያነሡት የእኛ ልጆች መሆናቸውን ነው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ከዚያ ወዲያ አልገፋሁም፤ ወሬው ቢዘበራረቅብኝ አውፍ በሉኝ። ሸሚዙ ነው ወደ ኋላ የመለሰኝ።

ያኔ መካነ ሰላም አሁን እንደምታዩዋት አልነበረችም። ባጃጅ የሚባል ነገር አልተፈጠረም። መኪና ከደሴ በኩል ሲመጣ ከድምፁ በፊት አቧራው ይታይ ነበር፤ ልጆች አቧራውን አይተው «የጭነት ነው»፣ «የሰው ነው» እያሉ ይወራረዱ ነበር። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነው። አንድ ኪሎ ብረት በሳንቲም ይሸጣል፤ መዳብ ሲሆን ብር ያወጣል፤ ስለዚህ ወንዶቹ የመዳብ ሽቦ ያገኙ ቀን ድምፃቸው ከሩቅ ያስታውቃል። ከመስጊዱ በታች አንድ ሻይ ቤት ነበረች፤ ባለቤቱ በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ቴፕ ነበረው፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኟ ወንድ ትሆናለች፣ ሰውም ይስቃል፣ እሱም ባትሪውን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ዓርብ ዓርብ ካሴቱን ለውጦ መንዙማ ያደርጋል። ክርስቲያኑም እስላሙም እዚያችው አግዳሚ ላይ ነው። ሰይድ ካኪ ሱሪና አንገተ ሰፊ ቴትሮን ሸሚዝ ነበረው፤ ሸሚዙ የመልክ ነው፣ ለሥራ አይለብሰውም ነበር፤ ግን ሥራው ድንገት ይመጣና ለብሶት ይሄዳል። ለኔ ሲያገባኝ አበባ ያለበት ናይለን ሻሽ ገዛልኝ። ያ ሻሽ ዛሬም ቢኖረኝ በገንዘብ አልለውጠውም ነበር፤ የት እንደደረሰ እነግራችኋለሁ።

ያ የወታደር መንግሥት ሊሄድ ሌላው ሊመጣ ሲል ሠራዊት በመንገዱ እንደ ክረምት ጎርፍ አለፈ። የተበላሸበትን መኪና እሳት ለቀቀበት፣ ያልተቃጠለውን ገደል ሰደደው። አገር ሲረጋ ነጋዴ መጣ፣ ብረትም ዋጋ አገኘ። ሰይድ ሥራውን የለመደው ከአያ ደምሴ ነው። አያ ደምሴ የወግዲ ሰው ናቸው፣ ክርስቲያን፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ ትንሽ ጎንበስ የሚሉ። በጎልማሳነታቸው መንገድ ሲጠረግ ከማሽን ጋር ውለው ያደሩ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ አንድ ሥርዓት ነበረ፤ የተጣለ መኪና ዘንድ ሲደርሱ ማንም አይነካውም። ራቅ ብለው ይቀመጡና ምሳቸውን ይበላሉ። ጠዋትም ቢሆን ምሳ ነው። ሰይድ ቤት ገብቶ ሲያወራኝ «ወላሂ ሀዋ፣ ፀሐይ ሳይሞቅ ምሳ የሚበላ እኛ ብቻ ነን» እያለ ያስቀኝ ነበር። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ እየበሉ ያዩታል። ወዴት እንዳዘመመ፣ የቱ ድንጋይ እንደደገፈው፣ ቢነካ ወዴት እንደሚንከባለል። «ብረት እንደ እንግዳ ሰው ነው፣ ሳታየው አትጨብጠው» ይሉ ነበር አያ ደምሴ። ከበሉ በኋላ እሳቸው ብቻቸውን ይዞሩታል። በርሜል፣ ጠርሙስ መሳይ፣ ቆርቆሮ መሳይ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ ነገር ካዩ ዙሪያውን እሾህ ይጥሉበታል፤ እሾህ ያለበትን የሚነካ የለም። «አፉ የተከፈተ ሆዱን አሳይቶሃል። አፉን የዘጋውን ግን ምን እንደያዘ የሚያውቅ የለም፤ ተወው።» ይህ ነው ሕጉ።

የወረኢሉ ልጆች ነበሩ፣ በሌላ በኩል የሚሠሩ፤ ይዘብቱባቸዋል። «ኧረ እነዚያ ሰዎች፣ ዛሬም ብረቱን እያያችሁ እንጀራ ትበላላችሁ? ወጥ ሆነላችሁ?» ይሏቸዋል። አንዱ ደግሞ «አያ ደምሴ፣ እንግዲህ ወንድ ከሆኑ የመቅደላውን መድፍ አውርደው ይሽጡልን» አላቸው። እሳቸውም «እሱንማ ምን አስፈራኝ፣ አፉን ከፍቶ ነው የተቀመጠው» አሉ። ሰይድ ይህን ሲነግረኝ ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቅ። ከነዚያ ልጆች አንዱን በኋላ የመኪና ሞተር ተንሸራቶ እግሩን ጨፈለቀው። አያ ደምሴ ሲሰሙ ሄደው ጠየቁት፣ ከዘራም ጠርበው ወሰዱለት።

ሲያጓጉዙም በሥርዓት ነው። ቁልቁለት ላይ ከብረቱ በታች ሰው አይቆምም። ከላይ ሆነው በገመድ ይይዙታል፣ ገመዱን ክንዳቸው ላይ አይጠመጥሙትም፤ ብረቱ ቢያመልጥ ገመዱን ለቆ መቅረት እንጂ ተከትሎ መሄድ የለም። እጃቸው ላይ የአሮጌ ካፖርት ጨርቅ ይጠቀልላሉ። አህዮቹን የሚጭኑት ከመንገድ ሲደርሱ ነው። ሲያወርዱ የሚሏት ግጥም ነበረቻቸው፤ ሰይድ ሕፃን ሲያባብልም ይላት ነበርና አልረሳኋትም፦

ቀስ በል አንተ ብረት፣ መንገዱ ገደል ነው፤
አንተን ሚዛን ይቆይህ፣ እኔን የሚቆየኝ ሰው ነው።

በዚያ መሐል እኔ ወለድሁ። ጀማል ነው፣ የመጀመሪያዬ። በእኛ አገር አራስ ያለ ብረት አትተኛም። ማጭድም ይሁን ቢላዋ፣ ከራስጌዋ ብረት ይቀመጣል፤ ጅንና ዓይነ ጥላ ብረት ይፈራል ይባላል። የሰይድ እናት እትዬ ዘሀራ ማጭዳቸውን አምጥተው አስቀምጠውልኝ ነበር። ሰይድ ግን ደስ ብሎታል፣ ወንድ ልጅ አግኝቷል፣ ሥራው ብረት ነው፤ ለሚስቱ ራስጌ የዛገ ማጭድ አነሰበት። ከገበያ ሲመለስ በጨርቅ የጠቀለለውን ይዞ ገባ። ከአንድ ገበሬ ነው የገዛው፤ ገበሬው እርሻው ውስጥ አገኘው። ዘነዘና ነው የሚመስል። አንድ ወገኑ ሾጠጥ ያለ፣ ሌላው ደልደል ያለ፣ ከባድ። በላምባ ወልውሎት እንደ ጥርስ ያበራል። «የማሽን ዘንግ ነው፣ እንዲህ ያለ ብረት አሁን አይሠራም» አለን። ሥራ ላይ አያ ደምሴ አጠገቡ ስላሉ ጠንቃቃ ነበር። ቤቱ ሲገባ ግን ጥንቃቄውን ከጫማው ጋር በር ላይ ያወልቀው ነበር መሰለኝ። እኔም አልጠየቅሁት። ወልጄ ደክሞኛል፣ ባሌ ያመጣልኝ ነው፣ ያምራል።

ሊጠይቁኝ የሚገቡት ሴቶች ሁሉ አዩት። «የብረት ነጋዴ ሚስት፣ ጅኑ ቀርቶ ባልሽም አይጠጋሽ» እያሉ ይስቃሉ። ከልጄ ራስ አጠገብ፣ ትራሱ ሥር ነው የሚያድር። ቀን ቀን ደግሞ እትዬ ዘሀራ ለሆዴ የሚሰጡኝን ፌጦ ይወቅጡበት ጀመር። ሙቀጫ አለን፣ ዘነዘናው ግን ተሰንጥቆ ነበር፤ ይኸኛው ሲመጣ «አላህ የላከው ነው» አሉ። ደልደል ባለው በኩል ነበር የሚወቅጡበት። ድም፣ ድም፣ ድም። እኔ በዚያ ድምፅ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ከእንቅልፌ እንደገና የምነቃ ይመስለኛል።

አያ ደምሴ ልጁን ሊያዩ በጣሳ ማር ይዘው መጡ። ወንድ አራስ ቤት ዘው አይልም፤ ከመጋረጃው ወዲያ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ሀዋ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ። «አሚን፣ አያ ደምሴ፣ ይኑሩልን» አልኋቸው። ስለ ልጁ ጠየቁ፤ አባቱን ይመስላል ብንላቸው «እንግዲያ አብዝታችሁ አታብሉት፣ አባቱ ምሳ ሁለቴ ይበላል» ብለው ሰይድን ቀለዱበት። ሊጠይቁኝ የገቡት ሴቶች ሳቁ፣ እትዬ ዘሀራም እየሳቁ ፌጦውን መውቀጥ ቀጠሉ። አያ ደምሴ ወሬያቸውን ቆረጡ።

«እትዬ ዘሀራ፣ ምን እየወቀጡ ነው?»

«ፌጦ ነዋ። ለአራሷ።»

«በምን?»

«ሰይድ ባመጣው ብረት። ግሩም ብረት ነው፣ እንዲያውም ይዩት።» መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አሳዩዋቸው።

እኔ ፊታቸውን አይቻለሁ። አልተለወጠም። የተለወጠ እጃቸው ነው፤ ጉልበታቸው ላይ የነበረው እጅ ጨብጦ ቀረ። ዝግ ባለ ድምፅ «እትዬ ዘሀራ፣ አሁን እሱን ቀስ ብለው፣ እንደ እንቁላል፣ እዚያው ፌጦው ላይ ያጋድሙልኝ» አሉ። አጋደሙት። «ጎሽ። አሁን ልጁን ይያዙ፤ ሀዋን ደግሞ እናንተ ሴቶች ደግፋችሁ ወደ ውጭ ውጡ። ሰይድ፣ አንተ ከፊት ውጣ፣ በሩን ልቀቅ።»

እትዬ ዘሀራ ተቆጡ። «አራስ ወደ ውጭ? ቀኗ ሳይሞላ ፀሐይ ልታሳዩዋት ነው? አያ ደምሴ፣ እርስዎ ልጅ ያሳደጉ ሰው፣ ጅን ቢመታትስ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ቢጮሁ ደግሞ ያንን ነገር ከመሐላችን አንዷ አንሥታ በድንጋጤ ትወረውረው ነበር፤ ይህን አሁን ነው የማውቀው። እሳቸው ግን ተነሡና መጋረጃውን ይዘው፣ በልመና ነው ያሉት፣ «እናቴ፣ ጅኑ ውጭ አይደለም። ቤት ውስጥ ነው ያለው። ውጡልኝ።»

ያኔ እትዬ ዘሀራ ገባቸው። ልጁን በጉያቸው አድርገው ወጡ። እኔን ሁለት ሴቶች ደግፈው አወጡኝ፤ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ራሴ ላይ የነበረውን ናይለን ሻሽ አያ ደምሴ ከበሩ ላይ «ስጭኝ» ብለው ተቀበሉኝ። ብረቱን በሱ ጠቀለሉት። ከዚያ እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው ከግቢው ወጡ። ሰይድ ሊከተላቸው ሲል «ቁም። ሁለት ሰው ለአንድ ሥራ አያስፈልግም» አሉት። ከቤታችን በታች ሸክላ አፈር የሚቆፈርበት ጉድጓድ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ቀስ ብለው፣ ጎንበስ እንዳሉ፣ ቁልቁል ሲወርዱ አየኋቸው። ሴቶቹ ግማሾቹ «ያረቢ» ይላሉ፣ ግማሾቹ «እመብርሃን» ይላሉ። ከዓይናችን ተሰወሩ። ጥቂት ቆይቶ ምድር አገሳ፤ ዶሮዎቹ ሁሉ ከአጥሩ በረሩ፣ የጀማል ለቅሶ ድንገት ቆመ። ልጄ የሞተ መስሎኝ ነበር። ደንግጦ ዝም ብሎ ነው።

አልሞቱም። ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጠውት፣ ሊሸፍኑት ድንጋይ ፍለጋ ዘወር ሲሉ አፈሩ ተንሸራቶ ብረቱን መታው፤ ለካ ሳይፈነዳ የቀረ የጦር ብረት ኖሯል፣ ፈነዳ። ሁለቱን ዓይናቸውንና የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ወሰደ። ሰይድ ተሸክሞ አመጣቸው፤ በቃሬዛ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ ወሰዷቸው። ሰይድ ከዚያ ቀን በኋላ ብረት አልነካም። የቤት ውስጥ ቢላዋ እንኳ ሲያነሣ አስቀድሞ አገላብጦ ያየው ነበር። ውኃ በአህያ እየጫነ ሲሸጥ ኖረ፣ ኋላ የወፍ በሽታ ይዞት ጀማል ጎረምሳ ሳለ ሞተ። አላህ ይዘንለት። እስኪሞት ድረስ ግን የአያ ደምሴ ቤት ማገዶና ውኃ አልተቋረጠም።

አያ ደምሴ ከደሴ ሲመለሱ ልጠይቃቸው ሄድሁ፣ ልጁን አዝዬ። ምን ብዬ ልጠይቅ? ከደጃቸው ጀምሬ አለቀስሁ። «ማናት ይህቺ ዝናብ ይዛ የመጣች» አሉ። ልጁን ጠየቁ፣ በግራ እጃቸው ፊቱን ዳበሱት። ከዚያ አንድ ነገር አስማሉኝ፦ «ይህ ልጅ ሲያድግ ይህን ነገር አትንገሩት። ሰው ለኔ ብሎ ታወረ ብሎ የሚያስብ ልጅ ቀና ብሎ አይሄድም። ብረት አሳወራቸው በሉት፤ ውሸትም አይደል።» ማልሁ። ሰይድም ማለ። ጀማልም እንዲያ ሆኖ አደገ። በሥጋ የማይዛመዳቸው እሱ ነበር መሪያቸው፤ በዓል ሲሆን ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ያደርሳቸውና እደጅ ይጠብቃቸዋል፣ እሳቸውም ለሶላት «አትዘግይ፣ አዛን ብሏል» ይሉታል። «አያ ደምሴ፣ እርስዎ የሚያዩት በጆሮዎ ነው» ይላቸዋል። «አንተ ደግሞ በሁለት ዓይንህ አታይም፣ አሁን ድንጋይ መታኸኝ» ይሉታል። ሲጣሉ ይውላሉ፣ ያለሱም አይበሉም።

አንድ ቀን፣ ጀማል በሌለበት፣ እኔን ያሉኝ አለ። «ሀዋ፣ እኔ ያን ቀን አጥፍቻለሁ። ማንሣት አልነበረብኝም። ሌላውን ሁሉ አፉን የዘጋ አትንኩ እያልሁ የኖርሁ ሰው፣ ቤታችሁ አሳዘነኝ። አዲስ ጎጆ ናት፣ ሣሩ ገና አልጠቆረም፣ አራስ ወዴት ትገባለች አልሁ። ሰዉን አውጥቼ ቤቱን መተው ነበረብኝ። ቤት ይሠራል።» ለቤቴ ብለው ነው ዓለም የጨለመባቸው። ጀማል ጅዳ ሳለ ሞቱ፤ በስልክ ነገርሁት። የአርባቸውን ወጪ የላከ እሱ ነው፤ እኔም በበኩሌ ሰደቃ አወጣሁ።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት ሸሚዙን አሰጥቼ ጀማልን ጠበቅሁት። ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ክንዱ ላይ ጥላሸት አለ፣ ፊቱ ግን ከመጣ ወዲህ እንዲህ በርቶ አላየሁትም። ሐሙስ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው መንገድ ገደል የገባ ትልቅ መኪና ሊፈቱ እንደሚሄዱ ነገረኝ።

«አትሄድም» አልሁት።

«ያ ኡሚ፣ ጅዳ አሥራ ምናምነኛ ፎቅ ላይ ስንጠለጠል አልፈራሽ፣ አሁን አሮጌ ብረት ፈራሽ?»

«ያኔ አላየሁህማ። ሳላይህ ነበር የምፈራ።»

«ኸላስ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ። ሁላችን አብረን ነን።»

«ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ ሥራውን?»

ሳቀ። «ማን ያውቃል? መዶሻ መምታት ትምህርት አለው እንዴ? የአልማዝ ልጅ እኮ ትናንት ክዳኑ የተጣበቀ በርሜል በግራይንደር ሊቆርጥ ሲል ባትሪው አልቆበት ነው የተወው።»

መሐላው ትዝ አለኝ፣ አያ ደምሴም ትዝ አሉኝ፣ ግን ልጄን የማስቀርበት መያዣ ይህ ታሪክ ብቻ ነበር። አስቀምጬ ነገርሁት። ከምሳው፣ ከእሾሁ፣ ከገመዱ ጀመርሁና ወደ ዘነዘናው መጣሁ። ትራሱ ሥር ምን ተኝቶ እንደነበር ነገርሁት። ሻሹን ነገርሁት። አያ ደምሴ ስላስማሉኝም፣ ለምን እንዳስማሉኝም፣ ኋላም «ማንሣት አልነበረብኝም» እንዳሉኝ ነገርሁት። እያወራሁ ፊቱን አያለሁ፤ እየጠቆረ ሄደ። ስጨርስ ተነሥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ተሳክቶልኛል አልሁ፤ አላህ አውፍ ይበለኝ፣ ልጄ ሲያለቅስ ደስ አለኝ። ቀረልኝ ብዬ።

ተመልሶ ገባና «እማ፣ እሾሁን ምን ያህል አርቀው ነበር የሚጥሉት?» አለኝ።

«ምን ያደርግልሃል? አትሄድም አይደል?»

«እነዚያ ልጆች ይህን የሚያውቅ የላቸውም። አንዳቸውም። እኔ ብቀር እነሱ አይቀሩም፤ ነጋዴው ሐሙስ መኪና ይልካል። ከመሐላቸው አፉን የዘጋውን የሚለይ አንድ ሰው ያስፈልጋል። አሁን እኔ አለሁ።»

«እኔ ልትቀር ብዬ ነው የነገርሁህ» አልሁት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ግን ነገርሽኝ።»

ሐሙስ ሄደ። ቀሩ ያልኋቸው እግሮች ከፊት ሆነው ሄዱ። ባልነግረው ኖሮ ምናልባት ከኋላ ይሆን ነበር፣ ምናልባት ደክሞት ይተወው ነበር፤ ይህን እያልሁ ዋልሁ። በበረሃው በኩል የበረቀ ሁሉ፣ የወደቀ ጣሳ ሁሉ፣ የተዘጋ በር ሁሉ ልቤን ይወስደው ነበር። ወደ ማታ ተመለሰ። ያየው ነገር እንዳለ ጠየቅሁት። አንድ ነገር ነበር አለኝ፣ ከመኪናው ሥር፤ ማንም እንዳይጠጋ አድርጎ እሾህ አጠረበት፣ ቦታውን ለፖሊስ ነገረ፣ አላነሣሁትም አለኝ፤ «ማንሣት አልነበረብኝም ብለው የለ» አለኝ። ሥራቸውን ከዚያ ራቅ ብለው ሠሩ። በማግስቱም ሄደ። ዛሬም እዚያው ነው።

ትናንት አልማዝ በአጥሩ ሳይሆን በበሩ መጣች። አልቀለደችም። እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ሀዋዬ፣ የኔ ልጅ እኮ ያን ክዳኑ የተጣበቀ በርሜል ዳግመኛ ሊቆርጠው ነበር። ጀማል ነው ከእጁ ላይ ግራይንደሩን የነጠቀው። ሆዱን በውኃ ሳትሞላ አትነካውም ብሎ ሰደበው። ውስጡ የቤንዚን ትነት ነበር። አሁን ሁሉም ከሱ በፊት ምንም አይነኩም፤ መጀመሪያ እሱ ነው የሚገባ። የልጅሽን ዕድሜ እንደ ማቱሳላ ያርዝመው። ከዛሬ ጀምሮ እኔ እንቅልፍ አገኘሁ» አለችኝ።

መጀመሪያ እሱ ነው የሚገባ። ከምርቃቱ ሁሉ ይህችን ብቻ ነበር የሰማሁት። አልማዝ እጄን ይዛ አሚን እስክላት ትጠብቃለች። ልጇ ተርፎላት በደስታ የፈካ ፊቷን እያየሁ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ «አሚን» አልኋት።